የአራሷ ማጭድ

ጉለሌ ባቡር ኖሮት አያውቅም። ሐዲድ ግን ነበረው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተቀምጬበታለሁም። ከዊንጌት ዝቅ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የነበረ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላው አጥር ተነስቶ የፊቱ በር ጋ ሲደርስ በቃኝ ብሎ የሚቆም ሐዲድ። አንድ ቀን በእርምጃ ልለካው ብዬ መቶ ሃያ ድረስ ቆጥሬ ነበር፤ መሃል ላይ ዘበኛው ጋሽ ኡርጌሳ ወሬ ጀመረልኝና ቆጠራው እዚያው ቀረ። ከየትም አይመጣም፣ የትም አይሄድም። እንዲያው ሐዲድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አብዮቱ አስር ዓመት ሊሞላው ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጊዜ፣ የጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ ሊሄድ ነው ተባለ። ናፍጣ ቀረ፣ ከላይ በሚዘረጋ ሽቦ ነው የሚሄደው አሉን። ቁም፣ ሂድ የሚለውም ባንዲራ የያዘ ሰው መሆኑ ቀርቶ መብራት ይሆናል፤ ቀይ ሲሆን ባቡር አለ ማለት ነው፣ አረንጓዴ ሲሆን መንገዱ ባዶ ነው። ታዲያ መብራቱ ዋናው መስመር ላይ ከመተከሉ በፊት የሆነ ቦታ ይሞከር ተባለና፣ ለገሃር ጠበበ አሉ መሰለኝ፣ አምጥተው እኛ ሰፈር ተከሉት። አራት ምሰሶ፣ አራት መብራት። አንደኛው ከኋላው አጥር ሥር፣ አራተኛው በሩ ጋ።

የመብራቱ ሠራተኛ ደግሞ ልጄ ነው። መሸሻ። ገና ሳይድህ አባቱ የሞተበት፣ ጠላ ሽጬ ያሳደግኩት አንድ ፍሬ ልጄ። ድሬዳዋ ሄዶ የባቡር ሥራ ተምሮ የመጣ ነው። እኔ ምሳ አቀብላለሁ በሚል ሰበብ በየቀኑ ግቢው እገባለሁ። ምሳውን ሰጥቼ ወዲያው መውጣት ነበረብኝ፤ ግን ሰው ምሳ ሰጥቶ ወዲያው ይወጣል እንዴ?

አንድ ቀን ሐዲዱ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና፣

"አንተ፣ እኔ ስቀመጥበት ለምን አይቀላም?" አልኩት።

"ባቡር ነሽ እንዴ?"

"ክብደቴ አነሰው?"

ሳቀ። ጎርሶ ስለነበረ ሊያንቀው ነበር። "እማዬ፣ እሱ ክብደት አያውቅም። ሐዲዱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንለቃለን። የባቡሩ ብረት ሲነካው መንገዱ ይዘጋበትና መብራቱ ይቀላል። ሰው ቢቆምበት፣ በግ ቢተኛበት፣ ምንም አይለው። ብረት ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ መጋጠሚያው ጋ ደግሞ" አለና ሐዲዱ ተቆርጦ ጥቁር ነገር የገባበትን ቦታ አሳየኝ፣ "እዚህ ጋ ትንሽ ብረትም ይበቃዋል።"

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

መብራቱ ማበድ የጀመረው ሐምሌ ሲገባ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛው መብራት ማንም ሳይነካው ቀላ። መሸሻ ከሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት ሮጦ ወጣ፤ ሐዲዱ ባዶ ነው። ትንሽ ቆይቶ ራሱ አረንጓዴ ሆነ። በማግስቱም አስራ አንድ ሰዓት። በሦስተኛው ቀንም። ሽቦ ፈታ፣ ሽቦ ቀየረ፣ አምፖል ቀየረ። ከሶሻሊስት አገር የመጣው ቀዩ ፈረንጅ እንኳን ጭቃ ላይ ተኝቶ በሆዱ እየተሳበ አየው፤ ምንም የለም። ምን ልበላችሁ፣ የደብሩ ደወል እንደዚያ መብራት ሰዓት አይጠብቅም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ የእኛን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከእንጦጦ ተንሸራቶ ይወርድና አጥር ከአጥር አይተያይም። ምሰሶው አይታይም፣ ግቢው አይታይም፤ ያቺ ቀይ መብራት ብቻ ጉሙ መሃል ተንጠልጥላ፣ ሲያለቅስ የዋለ ዓይን መስላ ትታያለች። ሰው በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ሽሮ ሜዳ የሚሄዱ ሸማኔዎች እንኳን ዞረው በላይኛው መንገድ መሄድ ጀመሩ።

ኡርጌሳ ደግሞ አፉ አያርፍም። ጎረምሳ ሳለ ከሱሉልታ የወረደ ሽማግሌ ነው፤ በሩ ላይ ካቦርቱን ተከናንቦ ይቀመጥና ሲያየኝ ወንበሩን ያስጠጋልኛል።

"እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ግቢ ባዶ አይደለም።"

"አንተ አለህበት፤ ባዶ ማን አለው?"

"ይቀልዳሉ። እኔ እኮ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ።"

"አይጥ ይሆናላ።"

"አይጥ ቀስ ብላ ትራመዳለች? ያ ዋቃ! የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው፤ እኔ ነግሬዎታለሁ።"

ያን ጊዜ የሚለው የቀይ ሽብሩን ዓመት ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት መጋዘኑ እስር ቤት ነበር። ከሰፈራችን ልጆች እዚያ የገቡ አሉ። የተፈቱም አሉ። በጭነት መኪና የተወሰዱት ግን የት እንደደረሱ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። መጠየቅ ራሱ ያስገባ ነበር።

ያኔ የአብዮት ጥበቃዎቹ አዛዥ የነበረው አማን ነው በሐዲዱም ጊዜ የግቢው የበላይ። ጓድ አማን። መልከ መልካም ነው፣ ኮቱ ንጹሕ ነው፣ ሰው ሲያስፈራራ ድምፁ ይለሰልሳል። ሚስቱ የምትደበድበው ነው ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምሳ ይዤ ስገባ መሸሻን ምሰሶው ሥር አቁሞት ደረስኩ።

"ጓድ መሸሻ፣" ይለዋል፣ ትከሻውን እየደባበሰ፣ "ነሐሴ ሃያ እንግዶች ይመጣሉ። ከላይ። አየህ አይደል፣ በዚያ ቀን ይሄ መብራት በባዶ ሐዲድ ላይ ከቀላ ብልሽት ነው አንለውም።"

"ምን ልትሉት ነው ጓድ?"

"አሻጥር። አሻጥረኛ የት እንደሚገባ ደግሞ አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ፣ አይነገርህም።" ዞር ሲል አየኝና ፈገግ አለ። "ደህና ዋሉ እማማ? ምሳ ምንድን ነው ዛሬ?"

"ሽሮ ነው ጓድ፤ ለእርስዎ አይሆንም" አልኩት።

ያን ቀን መሸሻ አልበላም። ማታ ቤት መጥቶም አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ አመሸ። "አንድ የቀረኝ ነገር አለ እማዬ፣" አለኝ፣ "የማላየው ነገር። ሮጬ ስወጣ ማንም የለም። ሣር ተሸክማ የምትወጣ እትዬ ወለተማርያም ብቻ ናት።"

እሱ አልፎት ሄደ። እኔ ግን ጆሮዬ ቀጥ አለ።

ወለተማርያም ጎረቤቴ ናት፤ እህቴ ናት ብል ይቀላል። አንድ ማኅበር ነው የምንጠጣው፣ አብረን ነው ያረጀነው። አንዲት በግ አላትና ኡርጌሳ አዝኖላት ከግቢው አጥር ሥር ሣር እንድታጭድ ያስገባታል። በግ ያለው ሁሉ ሣር ያጭዳል፤ ምን ይገርማል? የሚገርመው፣ በጓ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ስትግጥ ውላ ጠግባ ስትገባ አያታለሁ። ታዲያ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሚታጨደው ሣር ለማን ነው?

በማግስቱ ለኡርጌሳ ቆሎ ዘግኜለት ገባሁና የሐዲድ እንጨት የተከመረበት ጀርባ ተሸጎጥኩ። ጉልበቴ ቅዝቃዜ አይችልም፤ ግን ለማወቅ ሲሆን እችላለሁ። ጉሙ ወረደ። የራሴን እጅ በደንብ አላይም። ቆይቶ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ፤ ቀስ ያለ እርምጃ። እውነቴን ነው፣ ኡርጌሳ ያለው ትዝ አለኝና የእመቤቴን ስም ጠርቼ አማተብኩ።

ወለተማርያም ናት። ሣሯን ጀርባዋ ላይ አስራለች። ሁለተኛው ምሰሶ ሥር ስትደርስ ጎንበስ አለችና ማጭዷን ሐዲዱ ላይ፣ ልክ ያ መጋጠሚያ ላይ፣ አጋድማ አስቀመጠችው። መብራቱ ቀላ። ፊቷ ደም የነካው መሰለ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ በለሆሳስ አንድ ነገር ትናገራለች። ከቆርቆሮ ቤቱ የመሸሻ በር ሲንቋቋ፣ ማጭዱን አነሳች፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ሣሯን ይዛ መንገድ ጀመረች።

ዘልዬ ነጠላዋን ያዝኩ።

"ውይ በድንግል! ማነሽ?"

"እኔ ነኝ። ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"ሣር..."

"ሣሩ ሐዲድ ላይ በቀለ?"

ጎትቼ ከእንጨቱ ጀርባ አስቀመጥኳት። መሸሻ በአጠገባችን እየሮጠ አለፈ፤ የመብራቱን ምሰሶ በጥፊ ሲመታው ሰማነው።

"ተናገሪ" አልኳት።

"አስራ አንደኛ ቀኗ ነበረ" አለችኝ።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። ጽጌረዳን እኔም አውቃታለሁ፤ እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የወለተማርያም አንድ ልጅ። በዚያ ዓመት ወረቀት በትናለች ተብላ፣ ሴት ልጅ በወለደች በአስራ አንደኛ ቀኗ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አማንና ሁለት ጥበቃዎች ከመኝታዋ አንስተው ወሰዷት። ሕፃኗ ገና ክርስትና አልተነሳችም። ዓለምነሽ የምንላት፣ አያቷ ያሳደገቻት፣ በሐዲዱ ክረምት ስድስት ዓመቷ የሆነችው እሷ ናት።

አራስ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች። ቢላም ቢሆን፣ ማጭድም ቢሆን፣ ሚስማርም ቢሆን። ያለ ብረት የወጣች አራስን ክፉ ነገር ያገኛታል። ይሄን ሞኝም ያውቀዋል። ጽጌረዳን ግን እጇን ይዘው ሲጎትቷት ማን ብረት ያቀብላታል?

"ማጭዱን ይዤ ሮጥኩ" አለችኝ ወለተማርያም። "አንቺ ያኔ ሕፃኗን አቅፈሽ ነበር፣ አላየሽም። እዚህ ግቢ በር ጋ ደረስኩባቸው። ጓዶች፣ ብረቷን ብቻ ላስይዛት፣ አራስ ናት፣ አልኳቸው። አማን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ለእስረኛ መሣሪያ ልታቀብይ ነው? አለኝ። ድምፁን ከፍ እንኳን አላደረገም። እሷ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች፤ እኔም ዘረጋሁ። በመሃላችን በሩን ዘጋው።"

ከዚያ ወዲያ ጽጌረዳን ያየ የለም።

"ያሰሯት እዚች ጋ ነው፣" አለች ሁለተኛውን ምሰሶ እያሳየችኝ፣ "የተፈታ ልጅ ነግሮኛል። ግድግዳውን አፍርሰው ነው ሐዲዱን ያነጠፉበት። እና በየቀኑ በሰዓቷ መጥቼ አስቀምጥላታለሁ። እንቺ ልጄ፣ ብረትሽን ያዢ እላታለሁ። ትንሽ እጠብቃታለሁ። ሳትወስደው ስትቀር ይዤው እሄዳለሁ።"

"መብራቱን አላየሽውም? ስታስቀምጪው ሲቀላ?"

"አየዋለሁ እንጂ።" ፊቷ በራ፤ እንዲያ ስትል ፊቷን አልረሳውም። "የሰማችኝ መስሎኝ ነው።"

ምላሴን በቆረጠው። "ኤሌክትሪክ ነው" አልኳት። መሸሻ የነገረኝን፣ ብረት ሲነካው እንደሚቀላ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ነሐሴ ሃያ በባዶ ከቀላ ልጄን እንደሚወስዱት፣ የሚወስደውም ማን እንደሆነ ነገርኳት። እሷም ማጭዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

"እንቺ። እስኪያልፍ አንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔ ጋ ከሆነ እግሬ አያርፍም።"

"ተቀየምሽኝ?"

"አንቺ ልጅ አለሽ" አለችኝ። ይኸው ነው። ሣሯን ተሸክማ ወጣች።

ለመሸሻ አልነገርኩትም። ካወቀ ሲጠየቅ ፊቱ ይናገርበታል፤ ልጄ መዋሸት አይችልም፣ በእኔ አልወጣም። ማጭዱን ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመሠረተ ትምህርት ደብተሬ ሥር ከተትኩና ቆለፍኩት። ቁልፉን በማተቤ አሰርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ዋለ። መሸሻ መብላት ጀመረ፣ መላጨት ጀመረ። ቀዩ ፈረንጅ እየዞረ የሰውን ሁሉ ጀርባ መታ። እኔ ግን አልተመቸኝም። በሦስተኛው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያው ሣጥኑን ልየው አልኩና ከፈትኩ። ልብሱ ደረቅ ነው፣ ደብተሩ ደረቅ ነው። የማጭዱ እጀታ ግን ሰው ሲይዘው እንደዋለ ነገር ላብ አውጥቷል። በቀሚሴ ጠርጌ መልሼ ቆለፍኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ፣ ብርቅነሽ፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ያህል እንደፈራሁ ከዚህ እወቁት።

ነሐሴ ሃያ ደረሰ። በሩ ላይ ቀይ ቅስት አቆሙ፤ አናቱ ላይ ትልቅ መዶሻና ማጭድ ቀብተውበታል። ወለተማርያም በሥሩ ስናልፍ ቀና ብላ አየችው። "ለእነሱ ሲሆን ይሰቀላል" አለች። እጇን ቆንጠጥኳት። የሴቶች ማኅበር ለማጨብጨብ ታዘናል፤ እኔና እሷ ከፊት፣ አራተኛው መብራት ጋ፣ ጎን ለጎን ቆምን። ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቤ አልተለየችም። ሆን ብዬ ነው፤ ቡና እንኳን እኔ ቤት ነው የጠጣችው፣ እኔው ነኝ ነጠላዋን ያለበስኳት። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ዓለምነሽን ፈትል የምትፈትለዋ ጎረቤቷ ትጠብቅልኝ ብላ ቤት ትታታለች።

እንግዶቹ በሦስት መኪና መጡ። መሸሻ ከቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ንጹሕ ቱታ ለብሶ ቆሟል። ሠራተኞቹ የብረት ጎማ ያለው ጋሪ ሐዲዱ ላይ አውጥተው ገፉ። አንደኛው መብራት ቀላ፤ ጋሪው ሲያልፍ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ሁለተኛው ቀላ፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በሩ ጋ ሲደርስ ጋሪውን አንስተው ወደ ዳር አደረጉት፤ አራቱም አረንጓዴ። አጨበጨብን። ልጄ ከሩቅ አየኝና ጥርሱን አሳየኝ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አሁን ወሬ የለኝም ነበር።

ጓድ አማን ግን ንግግር አለው። በሩ ጋ፣ በሁለቱ ሐዲድ መሃል ቆሞ፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ፣ ጀርባውን ወደ ግቢው ሰጥቶ ወረቀቱን ዘረጋ። አስር ሰዓት ሊያልቅ የተባለው አስር ተኩል ሆነ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም አንድ ገጽ፣ ስለ ድርቁ አንድ ገጽ። ጉሙ ከኋላው አጥር ላይ እንደ ወተት ገንፍሎ ወረደ። አንደኛው ምሰሶ ጠፋ፤ አረንጓዴዋ ብቻ ቀረች። ወለተማርያም እጄን ያዘችኝ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

ሁለተኛው መብራት ቀላ።

አማን ጀርባውን ስለሰጠ አላየም። እኛ ግን አየን። መሸሻ አየ፤ ፊቱ ሲገረጣ እኔ ጋ ድረስ ታየኝ። ወደ ሐዲዱ ሮጠ፣ ቆመ፣ ሐዲዱን አየ። ምንም። ጠጠር ብቻ። እኔ በማተቤ ያለውን ቁልፍ ጨበጥኩ። በልቤ "ልጄን በሉት፣ አለቀ" አልኩ።

ከዚያ ሁለተኛው አረንጓዴ ሆነ። ተነፈስኩ። ሦስተኛው ቀላ።

እየሄደች ነው። እንደ ጋሪው አይደለም፣ ዝግ ብላ፣ ወገቧ ገና ያልጠና ሰው እንደሚራመደው። ከሴቶቹ አንድም የሚያስል የለም። ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፤ ሰማሁ ልበላችሁ፣ መሐላ ግን አትጠይቁኝ። መሸሻ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ በአጠገቡ የሚያልፍ ነገር እንዳለ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ኮፍያውን አወለቀ። ለምን አወለቅህ ብዬ በኋላ ጠይቄዋለሁ። "እኔ እንጃ" ነው የሚለኝ።

አማን የሰው ሁሉ ዓይን ከሱ አልፎ ሲሄድ አየ። ንግግሩን አቆመ። ዞረ።

አራተኛው መብራት ልክ ከአናቱ ላይ ቀላ።

ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ከሐዲዱ ለመውጣት እግሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከፊቱ ሰው እንደቆመበት ነው የሆነው፤ ሰው ሲቀርብህ ትንፋሽህን እንደምትይዘው። ከዚያ በዚያ በለስላሳው ድምፁ፣ እኔና ወለተማርያም ብቻ በምንሰማው፣

"ማን ሰጣት?" አለ።

ማን አስገባት አላለም። ማን ሰጣት ነው ያለው።

ወለተማርያም እጄን ለቀቀች። አልጮኸችም፤ ለጎረቤት እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። "ጋሽ ኡርጌሳ፣ በሩን ክፈቱላት።"

ኡርጌሳ ምን እንደታዘዘ አልጠየቀም። ሁለቱን መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ዳር ቆመ። አማን ከሐዲዱ ተንሸራቶ ወረደ፤ መውረድ አይደለም፣ ወደቀ ማለት ነው የሚሻለው። ቀዝቃዛ ነገር ነጠላዬን አንስቶ አለፈ። ነፋስ ነው በሉት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አራቱም አረንጓዴ።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻውን ማጨብጨብ ጀመረ። ቀዩ ፈረንጅ! ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በአስተርጓሚው፣ "እጅግ ግሩም! ብልሽት እንዲህ ተራ ጠብቆ አይሄድም። ልክ ባቡር ሲያልፍ የሚያሳየውን ነው ያሳየው። ያለ ጋሪ እንዴት አደረግኸው?" ይላል ለመሸሻ። እንግዶቹም የዝግጅቱ መጨረሻ መስሏቸው አጨበጨቡ። እኛም ታዘን የለ፣ አጨበጨብን።

መሸሻ አማንን አየው። አማን መሸሻን አየው። በባዶ ሐዲድ ቀላ ቢል አሻጥር ነው፤ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ግን እንግዶቹ አድንቀው አጨብጭበውለታል። ባዶ አልነበረም ቢል ደግሞ፣ ማን ነበረ? ይባላል። ያንን ስም ደግሞ በእንግዳ ፊት በአፉ አይጠራውም።

"ጓድ፣ ይፈርሙልኝ?" አለው ልጄ፣ የሙከራውን ወረቀት ይዞ።

ፈረመ። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳሁለት እኔ ነኝ፤ ቀና ብዬ ፊቱን ላየው ፈልጌ ነው። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። መቆለፊያው ደህና ነው። ደብተሬ አለ፣ የመገነዣ ነጠላዬ አለ። ማጭዱ የለም። ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግፌ አየሁ። የለም።

ወለተማርያም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሁለታችንም ልጅቷን እንያት ብለን ወደ እሷ ቤት ሄድን። ፈታይዋ ደጃፉ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ተቀምጣለች።

"ሰው መጥቶ ነበር?" አልኳት።

"ማን ይመጣል በዚህ ጉም? ከዚች ንቅንቅ አላልኩም። ልጅቷም ተኝታለች።"

ገባን። ዓለምነሽ መደቡ ላይ ተኝታለች። ወለተማርያም ትራሱን ቀስ አድርጋ አነሳችው። ማጭዱ ከሥሩ ነው። ጉም እንደነካው ብረት እርጥብ፣ ስለቱ ወደ ግድግዳው የዞረ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። ያስደነገጠኝ እሱ ግን አይደለም። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከትራሱ ፈቀቅ አድርጋ ነው የተኛችው፤ እንዳይቆረቁራት፣ እዚያ እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው።

ወለተማርያም ትራሱን መልሳ አስቀመጠችው። ማጭዱን አልነካችውም። "ወሰደችው" አለች፣ "ወሰደችና ለልጇ ሰጠቻት።" ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ግቢ ሣር ፍለጋ ሄዳ አታውቅም።

የኤሌክትሪኩ ባቡር ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት፣ ምሰሶዎቹንም። አማን ወደ ክፍለ ሀገር ቀይሩኝ ብሎ ለመነ አሉ፤ ሚስቱ ናት ለፈታይዋ የነገረቻት፣ መብራት አጥፍቶ መተኛት እምቢ ብሎ አስቸግሯት ነበር። መሸሻ እስከ ጡረታው ባቡር ላይ ሠራ። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጦታል፤ "ሙከራው ያለ እንከን ተጠናቋል" ይላል፣ ፊርማው እንደ ሸረሪት።

ዓለምነሽ አድጋ፣ ደርግም አልፎ፣ ልጅ ወለደች። እኔና ወለተማርያም ጥርሳችን አልቆ አራስ ጠያቂ ሆነን ደጅ ተቀመጥን። በአስራ አንደኛ ቀኗ ጸሐይ ልትሞቅ ብቅ አለች። ማጭዱን ይዛለች። ማንም ያዢ አላላትም።

እኔ ግራ ቀኙን፣ አጥሩን፣ ቆጡን ሳማትር ወለተማርያም ጎሸም አደረገችኝ።

"ምን ትፈልጊያለሽ አንቺ?"

"መብራት" አልኳት።